«በድራይቨሩ ተከዳሁ»

ያርጋል በሱቁ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ጭንቅላቱን ከኋላ የመታው፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው የዩፒኤስ ባትሪ ደም እንደነካው አጠገቡ ወድቋል። ደባርቅ ውስጥ ባረጀ ኮምፒውተር ላይ ነፍስ የሚዘራ እንደ እሱ ያለ ሰው አልነበረም። እንዲያ ያለ ልጅ በገዛ ሱቁ እንዲህ ይሁን? ያንገበግባል እኮ!

ሬሳውን ያገኘችው ጠዋት ከጎንደር የተመለሰችው ሚስቱ ሃና ናት። ፖሊስ ሲመጣ ስልኳን አውጥታ ባሏ ትናንት ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የላከላትን መልእክት አሳየች።

«በድራይቨሩ ተከዳሁ። ስትመጪ እነግርሻለሁ።»

ከዚህ በኋላ ማን ምን ይጠይቃል? የያርጋልን ዕቃ ስድስት ዓመት ሙሉ ያመላለሰው ሾፌር ሙሰዓብ ከቤቱ ተይዞ መጣ። ሃናም «እሱ ነው የገደለው» ብላ ቃሏን ሰጥታ ፈረመች። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ጎንደር ሊወሰድ ሆነ፤ ጎንደር ከገባ ደግሞ መውጫው መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ኢንስፔክተር ዙሀራ የደረሰችው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የደባርቅ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ አድጋ ሰው ሲያወራ አንዲት ቃል አታመልጣትም። መጀመሪያ ሙሰዓብን አስጠራች።

«ትናንት እዚህ ገብተሃል?»

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ። ለመካነ ብርሃን ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ኮምፒውተሮች ጫንኩና ወጣሁ። ወላሂ ሌላ የማውቀው የለም።»

«ያርጋል ምን ብሎ ነበር የሚጠራህ?»

ሙሰዓብ ግራ ገባው። «ሾፌሬ ይለኛል። ሲናደድ ደግሞ አንተ ሾፌር።»

«ድራይቨር ብሎህስ?»

«ኧረ እባክዎ! በዚህ አገር ማን ነው ድራይቨር የሚለው?»

ዙሀራ ፈገግ አለች። ወዲያው የያርጋልን ስልክ አስመጥታ አየች፤ መልእክቱን ከመላኩ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ከአዲስ አበባ ተደውሎለታል። እሷም በዚያው ቁጥር ደወለች። የአንድ ድርጅት ሠራተኛ አነሳችው። «አዎ፣ አቶ ያርጋልን ስለ አለምነህ ልንጠይቃቸው ነበር» አለች። «የጻፈውን ድራይቨር ልኮልን ልንቀጥረው ነው። እሳቸውን ምስክር አድርጎ ስለጠቀሰ ደወልን። ብቻ ምንም ሳይመልሱ ዘጉት።»

አለምነህ የያርጋል የሥራ ባልደረባ ነው፤ በሠርጉም ሚዜው ነበር። ዓይኑ በልቅሶ አብጦ ደጅ ተቀምጧል።

«እኔ በዚህ ነገር መሃይም ነኝ» አለችው ዙሀራ። «ድራይቨር ማለት ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር የተገጠመለትን ዕቃ እንዲያውቅ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። የእነዚህ አሮጌ ማሽኖች ዲስክ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት አይታይም ነበር። እኔ ድራይቨር ጻፍኩላቸው፤ አሁን ይታያል።»

«ድራይቨሩ የተቀመጠው ዲስኩ ውስጥ ነው አይደል? ዲስኩ ሳይታይ ታዲያ ድራይቨሩ ከየት ይገኛል?»

አለምነህ ሐዘኑን ረስቶ ቀና አለ። «ጥሩ ጥያቄ ነው! ቁልፉን ቤት ውስጥ ትተው በሩን ቢዘጉ አይገቡም። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነባት ትንሽ ጥቅል አለች። የድራይቨሩ ቅጂ እሷ ውስጥ ይቀመጣል።»

«ጥቅሏስ የት ነው የምትቀመጠው?»

«በዚህ ነው እኮ ሁለት ሳምንት የተጨቃጨቅነው። ያርጋል ከዲስኩ ላይ ለብቻዋ ክፍል ይከፈልላት፣ ማሽኑ ከተነሳ በኋላም ክፍሉ ተዘግቶ ይቀመጥ ይላል። እኔ ደግሞ ምን አስጨነቀን፣ ዲስኩ በሙሉ አንድ ይሁን አልኩ። በመጨረሻ አሳመንኩት። የራሱንም ማሽን አንድ አደረገው።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ዳባት። እዚያው ነው ያደርኩት።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ሃና፣ አለምነህ፣ እጁ በካቴና የታሰረ ሙሰዓብ። የከተማው የኮምፒውተር መምህር ፍቅረ ሥላሴ በያርጋል ማሽን ፊት ተቀምጧል።

«ያርጋል ሾፌሩን ድራይቨር ብሎት አያውቅም» ብላ ጀመረች ዙሀራ። «በድራይቨሩ ተከዳሁ ሲል በጻፈው ፕሮግራም ጉዳይ ተከዳሁ ማለቱ ነው። መምህር፣ ዲስኩ ላይ ያለው ድራይቨር ጸሐፊው ማን ይላል?»

«አለምነህ ይላል።»

«ነገርኩዎ እኮ፣ የእኔ ነው» አለ አለምነህ።

«መቼ ነው ስሙ የገባው?»

«ትናንት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «በዚያው ደቂቃ አዲስ ጥቅልም ተሠርቷል። ግን የተቀመጠው ያለ ቦታው ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ እሱን አያነበውም። የሚያነበው ለብቻው በተከፈለው ክፍል ያለውን አሮጌውን ነው።»

«አሮጌው ምን ይላል?»

«ጸሐፊ፣ ያርጋል። የተሠራው ከሁለት ዓመት በፊት።»

ዙሀራ ወደ አለምነህ ዞረች።

«ያርጋል እሺ ያለህ ጭቅጭቁ ስለሰለቸው ነው» አለችው። «የራሱን ማሽን አልነካም። አንተ ግን አንድ ክፍል ነው ብለህ አመንክ፤ ስለዚህ ክፍሉን ሳትከፍት ጥቅሉን ሠራህ፤ አዲሱም ከክፍሉ ውጭ ቀረ። ሬሳውን ያየው ሐኪም ያርጋል የሞተው ከአስራ ሁለት ሰዓት በፊት ነው ብሏል። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብሎ ይሄን ሥራ በአለምነህ ስም የሚጽፍ ከአንተ ሌላ ማን ነው? ዳባት ያደርክበትን ሆቴልም ጠይቄአለሁ። የገባኸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።»

«ለምኜው ነበር!» አለ አለምነህ ድምፁ ተሰብሮ። «ልሰናበተው ስገባ ሁሉን ሰምቶ ጠበቀኝ። ነገ ደውዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አለ። እዚሁ ቀልጬ ልቅር?»

ሃና ተነሥታ ደረቱን በሁለት እጇ መታችው። «ሚዜው! ጠዋት አቅፈኸኝ አለቀስክ እኮ! በምን ዓይንህ አየኸኝ?» ፖሊሱ በግድ አላቀቃት።

የሙሰዓብ ካቴና ተፈታ። የመኪናውን ቁልፍ ተቀብሎ ማንንም ሳያይ ወጣ። ሃና እየሮጠች ደረሰችበት።

«ሙሰዓብ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። አእምሮዬን ስቼ ነው የፈረምኩት። የያርጋል አባት መካነ ብርሃን ይቀበር ብለዋል፤ ያንን የገደል መንገድ የሚደፍር ሌላ ሰው አላገኘሁም።»

ሙሰዓብ በካቴናው የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሸ መኪናው ውስጥ ገባ።

«ያርጋልን እኔ አደርሰዋለሁ። ለማንም አልሰጠውም።»

ሃና እንባዋን ጠርጋ የጋቢናውን በር ልትከፍት እጇን ሰደደች።

«አንቺ ግን ሌላ መኪና ፈልጊ» አላትና በሩን ከውስጥ ቆለፈው።