ሰባ ሁለተኛው ደቂቃ

«ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉ አያቷ ዱጋልድ፣ አንድ እጃቸውን በድንጋዩ አጥር ላይ፣ ሌላውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ቃር ነው። ጠዋት የበላሁት ቋሊማ ነው።»

ኤይልሳ ዳገቱን ቀና ብላ አየችው። የክሬግሞር እግር ኳስ ሜዳ ከአናቱ ላይ ነው፣ ቢበዛ የአምስት ደቂቃ መንገድ። አያቷ እዚህ ዳገት ላይ ቆመው አያውቁም፤ እሷ በአሥራ አራት ዓመቷ እያለከለከች ነበር ሁልጊዜ የምትከተላቸው። አሁን ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አባባ፣ እንመለስ?»

«ዛሬ?» አሉ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ያዩት የዛሬ ሃምሳ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ክሬግሞር በሜዳው ሲጫወት አንድም ቀን አልቀሩም፤ ዛሬ ሺህኛው ነው። ሚስታቸው የተቀበሩ ዕለት እንኳ ከቀብሩ በቀጥታ፣ በጥቁር ካፖርታቸው ወደ ሜዳ የሄዱ ሰው ናቸው። ሕጉን ያወጡትም ራሳቸው ናቸው፤ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ውስጥ ያልቆየ ሰው ጨዋታው አይቆጠርለትም። ሁሉም በሰማያዊው ደብተራቸው ላይ ተጽፏል፤ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ውጤት።

ኤይልሳ ኪስ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። እናቷ ከሥራ ቦታ ነበረች፤ «አባዬ ደህና ናቸው?» ትላለች። ኤይልሳ አያቷን አየቻቸው፣ እሳቸውም አዩዋት። «አሪፍ ናቸው» ብላ ላከች።

በሩ ላይ የሚቆሙት ሄክተር የአያቷ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ሌላው ሰው ቲኬት ያሳያል፤ ለዱጋልድ ግን ሄክተር የመግቢያውን የብረት መዞሪያ በጣታቸው ቀለበት ሦስት ጊዜ አንኳኩተው ቁጥሩን ይጠራሉ። ዛሬ «ሺህ!» ብለው ሲጠሩ ሰልፉ በሙሉ አጨበጨበ። ከኋላ አንዱ፣ ይህን ሁሉ ሽንፈት አይተው እንዴት እስካሁን እንዳልታመሙ ጠየቃቸው፣ ሰዉም ሳቀ። አያቷም ሳቁ። ኤይልሳ ግን መሳቅ አቃታት፤ ከባሕሩ የሚመጣው የጥር ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል፣ የአያቷ ግንባር ግን በላብ ወርዝቷል።

የመጀመሪያውን አጋማሽ ኤይልሳ ኳሷን አላየችም። ያየችው ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ትንሽ በዘገየ ቁጥር እሷም ትንፋሿን ትይዛለች። በእረፍት ሰዓት በሊጥ የተጋገረ ትኩስ የሥጋ ፓይ ገዝታ መጣች። እንፋሎቱ እስኪጠፋ ድረስ እጃቸው ላይ ያዙት፣ ከዚያ አንዴም ሳይቀምሱ መለሱላት። አያቷ ፓይ ሲመልሱ አይታ አታውቅም።

«አባባ፣ እባክዎ። ሰው ልጥራ።»

«አርባ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «አርባ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ካቃተሽ፣ ሁለተኛ ከእኔ ጋር አትመጪም።»

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ሁለት ሆነ። ብትናገር ዕድሜ ልካቸውን ይቀየሟታል፤ ሃምሳ ዓመት ያፈረሰችው የልጅ ልጅ ትባላለች። ባትናገር ደግሞ... ያንን እስከ መጨረሻው ማሰብ አልቻለችም። ሰዓቱን ታያለች፣ እሳቸውን ታያለች፣ ተመልሳ ሰዓቱን ታያለች። ስድሳ አምስት። ስድሳ ስምንት። ትንሽ ነው የቀረው እያለች ራሷን ታባብላለች።

በሰባ ሁለተኛው ደቂቃ ሰማያዊው ደብተር ከግራ እጃቸው ሾልኮ ጭቃው ላይ ወደቀ። አያቷ ጎንበስ አላሉም። አላዩትም እንኳ።

ኤይልሳ ደብተሩን አነሳችና ሮጠች። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወረደች። ከሜዳው ጠርዝ ወደተቀመጡት የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪዎች ስትደርስ ከአፏ የወጣው «አያቴ ደረታቸውን...» ብቻ ነው። እሱም በቃቸው።

ሊያነሷቸው ሲሉ አያቷ ከፊታቸው ያለውን የብረት መደገፊያ ጨብጠው አልለቅም አሉ። «አሥራ ስምንት ደቂቃ» አሉ፤ «አሥራ ስምንት ደቂቃ ብቻ።» ከዚያ ደብተሩን እጇ ላይ አዩ፣ ማን እንደጠራም ገባቸው። ፊታቸውን ከእሷ አዞሩ። ኤይልሳ ቢሰድቧት ትመርጥ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ከበሩ ሲወጡ ከኋላቸው ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ክሬግሞር ጎል አግብቶ ነበር።

ሆስፒታል ሐኪሞቹ የተዘጋውን የልብ ቧንቧ ከፈቱላቸው። ኤይልሳ ኮሪደሩ ላይ ስልኳን አውጥታ፣ የላከችውን መልእክት ለእናቷ አሳየችና ውሸት እንደነበር ነገረቻት። እናቷ አልተቆጣችም። እጇን ያዘች፣ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀችም።

በማግስቱ ሄክተር መጡ። ክሬግሞር ሁለት ለአንድ ማሸነፉን ነገሯት፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሺህ ብለሽ ሙሉውን ጻፊለት፣ የኔ ልጅ። ከሜዳው ሰው አንድም አይናገርም።»

አያቷ ከነቁ ጀምሮ አላናገሯትም ነበር። ኤይልሳ ከአልጋቸው ትንሽ ራቅ ብላ፣ ከእናቷ ትይዩ ተቀመጠችና ጭቃው የደረቀበትን ደብተር ከፈተች። 1000 ብላ ጻፈች። ቀኑን፣ ተጋጣሚውን፣ ውጤቱን ጻፈች። አራት ነጥብ አድርጋ ብትዘጋው ያበቃ ነበር። ግን «እስከ 72ኛው ደቂቃ» ብላ ጨመረችና ደብተሩን ብርድ ልብሳቸው ላይ አስቀመጠችው።

አያቷ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። በጣታቸው መስመሩን ተከትለው 72 ላይ ቆሙ።

«ማን አገባ?» አሉ።

«አላየሁም፣ አባባ። እኔም ወጥቼ ነበር።»

«እስክሪብቶውን ስጪኝ።»

የጻፈችውን ሊሰርዙት ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የሰማችው ግን ገጽ ሲገለጥ ነው፣ ብዙ ገጽ፣ ወደ ኋላ። ዓይኗን ስትገልጥ ወረቀቱ ቢጫ የሆነበት ቦታ ደርሰው ነበር። መጋቢት 12፣ ዜሮ ለዜሮ። ዱጋልድ መስመሩን ቀስ ብለው ሰረዙት።

«ይቺን አላየኋትም» አሉ። «ውጤቱን ሄክተር ነው የነገረኝ። እኔ የማዋለጃው ኮሪደር ላይ ነበርኩ።»

እናቷ ከአልጋው ማዶ ጎንበስ ብላ ቀኑን አነበበች፣ ደግማም አነበበች። የተወለደችበት ቀን ነበር።

አያቷ እስክሪብቶውን ለኤይልሳ መለሱላት። «ቁጥሩን ከዚህ ጀምረሽ አስተካክዪ» አሉ።

ኤይልሳ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። የሚስተካከለው ከስምንት መቶ በላይ መስመር ነበር።