ዶቅዶቄዋ እምቢ ብትል ኖሮ

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሁለት ፋኖሶች ተሰቅለው ነበር። የበራው ግን ሻማ ነው።

ሃምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል ይህን ማክሰኞ ምሽት በዓይኑ አይቷል። በሻማው ብርሃን የሟችን እናት ጠይቋል፤ በሻማው ብርሃን ቃሏን ጽፏል። ፋኖሶቹ ለምን አልበሩም ብሎ ግን አልጠየቀም። ጥያቄው የመጣለት ሐሙስ ነው። ያኔ የቤንዚን ሻጩ የሳኒ በርሜሎች ተገልብጠው፣ የሳኒም ሁለት የፊት ጥርሶች ወልቀው ነበር።

የመምህር አስረስን አስከሬን ያገኙት በ1963 ዓ.ም.፣ በአንድ የግንቦት ማክሰኞ ጠዋት፣ ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ ቁልቁለቱ ላይ ነው። እምድብር ያስተምር ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከጣሊያን ጊዜ የቀረችው ዶቅዶቄው አሥር እርምጃ ርቃ ተጋድማለች። የኋላ ጎማዋ ኮረቱን እንደ ማረሻ ሰንጥቆታል።

"ፍሬን ይዞ ነው?" አለ ወልደአማኑኤል።

መካኒኩ አዳነ ተንበርክኮ ማስነሻዋን በእጁ ተጫናት። አልነቃነቅ አለች።

"ፍሬን አይደለም ጌታዬ። ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ፒስተኑ ነክሶ ቀርቷል። ሞተር ድንገት ሲቆም ጎማም አብሮ ይቆማል።"

"ምን አጋለው?"

አዳነ የነዳጁን ታንክ ከፍቶ አሸተተ። ፊቱ ተለወጠ።

"ላምባ አለበት።"

አስረስ ቤንዚን የሚቀዳው ከሳኒ ሱቅ ነበር። ወሬው ከፖሊስ ቀድሞ ከተማ ገባ። ወልደአማኑኤል ሱቁ ሲደርስ ሳኒ ተደብድቦ አፉን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"ሰኞ ስንት ቀዳህለት?"

"አራት ሊትር። ከመደበኛው ቤንዚን።"

"የተሻለው ሱፐር እያለህ?"

"እሱማ ሱፐር ስጠኝ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ተው ያልኩት። ሱፐር ለአዲስ ሞተር ነው። የእሱ አሮጌ ናት፤ ቤንዚኑን ብዙ አትጨምቀውም፤ መደበኛው ይበቃታል። 'ለአሮጊት ጥሬ ሥጋ አይቀርብም' ስለው ሲስቅ ነበር የሄደው።"

"ላምባውስ?"

"ወላሂ፣ በቤንዚኔ ላምባ ቀላቅዬ አላውቅም!"

"ላምባ ትሸጣለህ ግን።"

"እሸጣለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ከእኔ አይደል የሚገዛው?"

"እንግዲህ ሁለቱም በእጅህ ናቸው" አለና አሰረው።

ረቡዕ ከቀብር የተመለሱ ጎረምሶች በርሜሎቹን ገለበጧቸው። ሐሙስ ጠዋት የሳኒ ሚስት ሃሊማ ምግብ ይዛ ጣቢያ መጣች። ከሳህኑ ጋር አንድ ጠርሙስ አስቀመጠች።

"ይኸ ከተገለበጠው በርሜል ስር የቀረ ነው። ባሌን ነፍሰ ገዳይ ያላችሁበት ቤንዚን። መርምሩት። ወይስ ፖሊስ የሚያሸተው ምሳ ብቻ ነው?"

ወልደአማኑኤል አዳነን አስጠራ። አዳነ ነጭ ወረቀት ዘረጋ። ከሃሊማ ጠርሙስ አንድ ጠብታ፣ ከዶቅዶቄዋ ታንክ አንድ ጠብታ። ሦስቱም አጎንብሰው ጠበቁ። የሃሊማው ተንኖ ጠፋ፤ ወረቀቱ እንደ ነበረ ሆነ። የታንኩ ግን የቅባት ክብ ትቶ ቀረ።

ሃሊማ ሳህኑን አንስታ ወደ ባሏ ክፍል ሄደች።

"ጥሩ ቤንዚን ታጋሽ ነው፤ ኦክቴን የሚሉት ይህን ትዕግስቱን ነው" አለ አዳነ። "ቢጨመቅም ቢሞቅም ካንዴላው እሳት እስኪሰጠው ይጠብቃል። ላምባ አይጠብቅም። ቀድሞ ይቀጣጠልና ፒስተኑን ይደበድበዋል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ዳገቱን እንደዚያ እየተደበደበች ነው የወጣችው።"

"መጀመሪያስ እንዴት ተነሳች?"

"ካርቡራተሯ ውስጥ ንጹሕ ቤንዚን ቀርቶ ይሆናል። ደግሞ የድሮ ናት። ጥሩ ነዳጅ በሌለበት ዘመን ነው የተሠራችው፤ ያገኘችውን ትጠጣለች። የዛሬዎቹ ቢሆኑ እምቢ ይሉ ነበር።" አዳነ ወረቀቱን አጠፈ። "ሳኒ ጋ ካልገባ፣ ባደረችበት ነው የገባው። የት ነው የምታድረው?"

ወልደአማኑኤል መልሱን ያውቃል። የምታድረው እናቱ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከፋኖሶቹ ስር። ሻማው ያኔ ትዝ አለው።

የአስረስ እናት ወይዘሮ መንበረ መደብ ላይ ተቀምጣለች። የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወልደአማኑኤል ለቀስተኞቹን ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ እንዲወጡለት ለመነ። አንዱን ፋኖስ አውርዶ ነቀነቀው። ደረቅ ነው።

"እትዬ መንበረ፣ ሃሊማን ጠይቄያት ነው የመጣሁት። ቅዳሜ አንድ ጠርሙስ ላምባ ገዝተዋል።"

"ገዝቻለሁ።"

"ሳኒ መታሰሩን ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ። የሚወጣው ለቅሶ ብቻ ሆነ።"

ፋኖሱን መልሶ ሰቀለው።

"አባቱን ጅማ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ነው የበላብኝ። ከዚያ ወዲህ ይህ ልጅ በወጣ ቁጥር ሬሳውን ተሸክመው ሲመጡ ይታየኛል። በየቀኑ። ሰኞ ማታ ዘነበ። ያ ቁልቁለት በዝናብ እንዴት እንደሚያንሸራትት ታውቀዋለህ። 'ነገ ቅርልኝ' አልኩት። 'አዶት፣ ልጆቹ ፈተና አላቸው' አለኝ። 'እናቴ' ሲል አዶት ነበር የሚለኝ፤ እንደ አገራችን።"

በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች።

"ሳኒ አንድ ቀን 'ላምባ በነካው ዕቃ እንዳትቀዳ፣ ሞተር እምቢ ይላል' ሲለው ሰምቼ ነበር። ሲተኛ ጠብቄ የላምባውን ጠርሙስም ፋኖሶቹንም ዶቅዶቄዋ ታንክ ውስጥ አራገፍኩ። አንድ ቀን እንዲቀርልኝ ነው። አንድ ቀን ብቻ።"

"ጠዋት ተነሳች።"

"ተነሳች። ግን ስትሄድ ኳ ኳ ትል ነበር። እንደዚያ ብላ አታውቅም። ሮጬ ወጣሁ፤ ተጣራሁ። አልሰማኝም።" ቀና ብላ አየችው። "ምነው እምቢ ሳትል ቀረች?"

ሊዋሻት ፈለገ። አልቻለም።

"አሮጌ ስለሆነች ነው፣ እትዬ። ያገኘችውን ትጠጣለች።"

"እኔ ደግሞ" አለች፣ "አሮጌ ስለሆነች ቶሎ እምቢ ትላለች ብዬ።"

ሊመሽ ሲል ሳኒ ተፈታ። ወደ ቤቱ አልሄደም። ከሃሊማ ጋር ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ከንፈሩ አብጧል። መንበረ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። ወርዳ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ሃሊማ ያዘቻት።

"ያጽናሽ" አለ ሳኒ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። ሃሊማ ያመጣችውን አንድ ጠርሙስ ላምባ ከጉበኑ ስር አስቀመጠ። "በጨለማ አትቀመጪ" አለና ሄደ።

"ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አብረን እንሄዳለን" አላት ወልደአማኑኤል። "አሁን በሩን ዘግተው ይረፉ።"

"እሱ ሳይገባ ዘግቼ አላውቅም።"

ወልደአማኑኤል ወጥቶ ከአጥሩ አጠገብ ቆመ። አብረዋት ሊያድሩ የመጡ ሴቶች ሊዘጉ ሲነሱ "ተዉት፣ እኔ ነኝ የምዘጋው" ስትል ሰማ።  በሩ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ጉብሬ መንገድ አዙራ ቆየች።

በመጨረሻ በሩ ቀስ ብሎ ተገፋ። መወርወሪያው ገባ።