ዴዴሳ ማዶ የተነገረው ሕግ

ከነቀምቴ ሲነሡ የተረፋ እናት መጀመሪያ ያቀፈችው ባቻን ነበር። ጋቢውን በትከሻው ላይ አስተካከለችለት፤ ጀርባውን መታ መታ አድርጋ «ልጄ፣ ቆላው እንዳይበላህ» አለችው። ከዚያ ወደ ተረፋ ዞራ እጁን ጨበጠችው፣ እንግዳ እንደምትሸኝ ሁሉ። በሆዷ የተሸከመችው ተረፋን ነው። ባቻ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ለዚህ ጉዞ መንገድ መሪና አስተርጓሚ ሆኖ ይሄዳል። ነገር ግን ተረፋ በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ ባሕር ማዶ ድረስ ሄዶ ሕግ ሲማር በቆየባቸው ዐሥራ ሁለት ዓመታት እንጨት የፈለጠላት፣ ባሏንም የቀበረላት ባቻ ነበር። ተረፋ ይህን ያውቃል። ማወቁ ግን ከመንገብገብ አላዳነውም።

ጥቅምት 1963 ዓ.ም. ነበር። ተረፋ በሸራ ቦርሳው የሚሠራበት የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ይዟል። ከዴዴሳ ወንዝ ማዶ ያለው ሆራ፣ ጎሾች ጨዋማ ውሃ ሊጠጡና ሊወልዱ የሚወርዱበት ቦታ፣ ከእንግዲህ «ጥብቅ የዱር አራዊት ክልል» ይሆናል። ማስታወቂያው የሚጸናው ግን እዚያው ሆራው ላይ ለሕዝቡ በቃል ከታወጀ በኋላ ነው። ግራዝማች ወልደዮሐንስ የሚባሉ ባለርስት ደግሞ አምስት ጎሽ የሚያስገድል ፈቃድ ይዘው ቅዳሜ ይወርዳሉ ተብሏል። ፈቃዱ ያልተከለለ ቦታ ሁሉ ይሠራል። ተረፋ ከቀደመ ሆራው ይድናል፤ እሳቸው ከቀደሙ አምስቱ ጎሽ ይወድቃል፤ የተረፈውም መንጋ ወደዚያ አይመለስም።

የማስታወቂያው ቃላት የተረፋ ናቸው። «ጥብቅ ክልል»፣ «ታዳኝ እንስሳ»፣ «የመራቢያ ወቅት»፣ «የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ»። ከባዕድ ቋንቋ አንድ በአንድ ፈልቅቆ ያወጣቸው ሁለት ክረምት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ነው። ከነዚህ ውስጥ አንዱን እንኳ የሀገሩ ሰው ተቀብሎ ሲናገረው መስማት ይመኝ ነበር።

ዲጋ ገበያ ላይ ቆሞ ማስታወቂያውን በአማርኛ አነበበ። ሰው በአክብሮት ሰማ፤ አንድም ሰው አልጠየቀም። ሲጨርስ ባቻ ብድግ ብሎ በፈጣን ኦሮምኛ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ ኦሮምኛው የዛገበት ተረፋ ግማሹን አልያዘም። ወዲያው ገበያው ተናወጠ።

«ከርከሮ ማሳዬን ሲያርሰውስ?» አለ አንዱ ገበሬ።

«ከርከሮ ማን ከለከለህ? አንተ ሰንፈህ ካላረስክ እሱ ይረስልህ» አለው ባቻ።

ሳቁ እስኪበርድ ብዙ ቆየ። ተከራከሩ፤ ጠየቁ፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድ አፍ «ሴራ» አሉ፤ በኦሮምኛ ሕግ ነው ማለታቸው ነው። በዚያ አገር ሕግ የሚያስረው በጆሮ ተሰምቶ በአፍ ሲመለስ ነው። ያልሰማ አይጠየቅበትም።

«ምን አልካቸው?» አለ ተረፋ መንገድ ሲጀምሩ።

«አንተ ያልከውን።»

«እኔ ያልኩት ሩብ ሰዓት ፈጅቷል።»

«አሳጠርኩት፣ ጌቶች።»

ተረፋ ጥርሱን ነከሰ። እስከ ማታ ድረስ ያ «ሴራ» የሚል ድምፅ በጆሮው ውስጥ ነበር፤ ለሱ የተባለ አልመሰለውም።

በማግስቱ ሐሙስ የቆላው አፋፍ ላይ ካለች መንደር ደረሱ። የአካባቢው አዳኞች አለቃ ኢዶሳ የሚኖረው እዚያ ነው። ባቻ ሰው ሊሰበስብ ሲል ተረፋ ክንዱን ያዘው።

«ዛሬ አትናገርም።»

«ለምን?»

«ሕግ ነው። ቃሉ መለወጥ የለበትም።» አንዱን ቅጂ ከዋርካው ግንድ ላይ በምስማር መታው።

«ኢዶሳ ማንበብ አይችልም፣ ተረፋ።»

«የሚያነብለት ይፈልግ።»

ባቻ ወረቀቱን አየ፤ ተረፋን አየ፤ ቁልቁለቱን ጀመረ።

ግማሽ ሳይወርዱ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን መጣባቸው፤ ነፋሱ እየገፋ ያመጣው ነበር። የእግር መንገዱ ጅረት ሆነ። ድንጋይ ከላያቸው እየተፈነቀለ በጆሮ ግንዳቸው አለፈ። ተረፋ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ሁለት ጊዜ በቁጥቋጦ ተረፈ። ባቻ ግን በጭቃው ላይ እንደ ፍየል ይረግጣል፤ የትኛው ድንጋይ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚከዳ ያውቃል። ተረፋ እሱ የረገጠበትን እየተከተለ ረገጠ። በዚያም ተናደደ።

ዐርብ ጠዋት ዴዴሳ ሞልቶ ደረሱበት። ውሃው እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል፤ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ይዞ ይጋልባል። ባቻ ሁለት አቁማዳ በትንፋሹ ነፋና አፋቸውን በጠፍር አሰረ።

«ደረትህ ስር አድርገው። ውሃውን አትታገለው፤ ይዞህ ሲወርድ ወደ ጎን ወደ ጎን ብቻ ግፋ።»

«ዋና ተምሬያለሁ።»

«አዞውም ተምሯል» አለ ባቻና ገባ።

ወንዙ ሁለቱንም አንሥቶ ወረወራቸው። ተረፋ ውሃ ዋጠ፤ ቅርንጫፍ ፊቱን ገረፈው፤ አቁማዳው ሊያመልጠው ሲል በጥርሱ ጠፍሩን ያዘ። ከተነሡበት በጣም ርቀው፣ ማዶ ጭቃው ላይ ተንፏቀው ወጡ። ቦርሳው በውሃ ራሰ፤ የማስታወቂያው ቀለም ፈሶ ማኅተሙ ብቻ ቀርቷል። ተረፋ ወረቀቱን ዘርግቶ አየውና አጥፎ ቦርሳው ውስጥ መለሰው።

ሆራው ሩቅ አልነበረም። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሣር ውስጥ ገቡ፤ ባቻ ከፊት፣ ተረፋ ከኋላ። ሙቀቱ ያፍናል፤ የቆላ ዝንብ በልብስ ላይ ይናደፋል። በድንገት ከቀኝ በኩል ሁለት ጥይት ተተኮሰ።

«ግራዝማች ናቸው» አለ ባቻ። «ቅዳሜን አልጠበቁም።»

ወደ ተኩሱ ዞሮ ያዳምጥ ጀመር። በዚያች ቅጽበት ተረፋ ከባቻ ጀርባ ሣሩ ሲከፈል አየ። ጥቁር ግንባር፣ ወደ ታች የወረደ ቀንድ፣ የሚንጠባጠብ ደም። መጮህ ነበረበት። አፉ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ፣ እናቱ ጋቢውን ያስተካከለችለት ያ ትከሻ እዚያው እንዲቀር ፈለገ።

ከዚያ «ባቻ» ብሎ ጮኸ።

ባቻ ዘለለ፤ ግን ዘግይቷል። የጎሹ ቀንድ በሾሉ ሳይሆን በጠፍጣፋው በኩል ጎኑን መትቶ እንደ ነዶ ወረወረው። አውሬው ሳይዞር ሣሩን እየቀደደ ወደ ውሃው አለፈ። ተረፋ ሲደርስ ባቻ በጀርባው ተዘርግቶ አየር ይፈልጋል። ጎድኑ ተሰብሯል። ተረፋ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለው፤ እየተንገዳገደም ሄደ።

ሆራው ዳር ባለው መንደር ሕዝቡ መምጣታቸውን ከዲጋ ገበያተኞች ሰምቶ ተሰብስቦ ነበር። ባቻን ዛፍ አስደግፈው ሲያስቀምጡት የደሙን ፈለግ ይዘው ግራዝማች ወልደዮሐንስ ብቅ አሉ። ከፊታቸው ጦር የያዘው መንገድ መሪ ኢዶሳ ነው፤ ሐሙስ ማታ ወንዙ ሳይሞላ ከአዳኞቹ ጋር በታንኳ አሻግሯቸው ኖሯል።

«ኦቦ ኢዶሳ፣ ይህ ቦታ ተከልሏል። ወረቀቱን አላየህም?» አለ ተረፋ።

«አየሁት እንጂ። ዛፍ ላይ ተሰቅሏል» አለ ኢዶሳ። «ዛፉ ሰምቶ ይሆናል። እኔን የነገረኝ ሰው የለም።»

ግራዝማች ሳቁ። «የተማረው ልጅ፣ ፈቃዴ እጄ ላይ ነው። ያንተስ የታለ?»

ተረፋ የፈሰሰውን ወረቀት አላወጣም። ባቻ አጠገብ ተንበረከከ። «ንገራቸው።»

ባቻ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ፉጨት ነው። የተረፋን አንገት ይዞ ወደ አፉ አስጠጋው። «እኔ ልበል» አለ በሹክሹክታ፤ «አንተ ጩህ።»

ተረፋ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ እንደ ወጉ ርጥብ ሣር ነቅለው እጁ ላይ አኖሩለት። ኦሮምኛው በልጅነቱ ትቶት በሄደበት ቆሟል፤ አንደበቱ የሕፃን ነው። አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። ባቻ በሹክሹክታ አቀበለው፣ እሱ ጮኸ፦

«ጎሽ የምትወልድበት ሆራ የአራስ ቤት ነው። ወደ አራስ ቤት ጦር ይዞ የሚገባ ወንድ የለም።»

የራሱን ድምፅ ሰማ። ሁለት ክረምት የለፋበት «የመራቢያ ወቅት ጥብቅ ክልል» ይኸው ነው፤ የተሰበረ ጎድን ያለው ሰው በአንድ ትንፋሽ ጨርሶታል። የራሱን ቃል ሊጨምር ይችል ነበር፤ ከሱ በቀር የባቻን ሹክሹክታ የሚሰማ የለም። አልጨመረም። ቀጣዩን ጠበቀ፤ የሰማውን ያለ ለውጥ ጮኸ፤ እንዲሁ እያለ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ሲጨርስ ሕዝቡ በአንድ አፍ «ሴራ» አለ። ኢዶሳ የጦሩን ጫፍ ወደ መሬት መልሶ ወደ ሕዝቡ ተሻገረና ብቻውን «ሴራ» አለ። አብረውት የመጡት አዳኞችም ተከተሉት።

«ፈቃዱ ከመንግሥት ነው» አሉ ግራዝማች።

«ፈቃዱ ባልተከለለ ቦታ ይላል። አሁን ተከልሏል» አለ ተረፋ። «የቆሰለው ግን የእርስዎ ነው፤ ደሙ የፈሰሰው ከአዋጁ በፊት ነው። ኢዶሳ ይጨርስልዎትና ቀንዱን ይውሰዱ። የቀሩት አራቱ አይነኩም።»

ግራዝማች ሕዝቡን አዩ፤ የሞላውን ወንዝ አዩ። ያለ መሪ ከዚህ ቆላ የሚወጡበት መንገድ አልነበራቸውም። ጠመንጃቸውን ለአሽከራቸው ሰጡ።

አደ ድርቤ የሚባሉ አሮጊት ወተት ይዘው መጡና ባቻን አጠጡት። «ቃልህ ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሉት። ወደ ተረፋ ዞረው ጥቂት አሰቡ። «ያንተም ድምፅ ጥሩ ነው።»

ባቻ ሊስቅ ሞከረና ጎኑን ያዘ።

በማግስቱ ቃሬዛ አበጅተው፣ ወንዙ ሲጎድል በታንኳ ተሻግረው ዳገቱን ተያያዙት። ከፊት ተረፋ፣ ከኋላ ኢዶሳ ተሸከሙ። እኩሌታው ላይ ባቻ ከቃሬዛው ላይ ተናገረ፤ ድምፁ ትንሽ ተመልሶለታል።

«ሣሩ ሲከፈል አይተህ ነበር፣ አይደል?»

ተረፋ ብዙ እርምጃ ሄደ። «አይቼ ነበር።»

«ምን ያዘህ?»

«ቅናት።»

ከኋላው የኢዶሳ ትንፋሽና የጠፍሩ ሲጢጥታ ብቻ ይሰማል። ዳገቱ ገና ብዙ ነው፤ ፀሐዩ አናት ላይ ደርሷል።

«ኢዶሳ፣ አውርደኝና እረፍ» አለ ባቻ በመጨረሻ። «ከዚህ እስከ ዋርካው እሱ ይዘለኝ።»

ቃሬዛውን አወረዱት። ተረፋ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ አለ። ባቻ እያቃሰተ ተንጠላጠለበት፤ ተረፋም ሸክሙን አስተካክሎ ተነሣና የሚይዘውን ድንጋይ እየመረጠ ረገጠ።