ያልበሰበሰው ድንች

አስትሪድ ከማሞቂያ ሣጥኑ ያወጣችውን ድንች በጣቷ ጫን አደረገችው። ጠንካራ ነው። ከሌላኛው ሣጥን ያወጣችውንም ጫነችው፤ እሱም ድንጋይ።

«አንዱም አልበሰበሰም» አለች።

የክፍል ጓደኛዋ ሉሲየን ዓይኑን ከሣጥኖቹ አሸሸ። ሌላ ቀን ቢሆን ድንቹ አፍ አውጥቶ «አንቺን ፈርቼ ነው» እንዳለው ይምልላት ነበር። አያቱ ጎተራ የሚያህል ድንች ቆፍረው ቤተሰቡ ክረምቱን ውስጡ እንዳሳለፈ ክፍሉን በሙሉ ያሳመነ ልጅ ነው። ዛሬ ግን ወለል ወለሉን ያያል።

ድንች የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ ሥጋውን የሚያቀልጥ ፕሮቲን ያመርታል። «ይህን መሣሪያውን የሚመዘው ሃያ ሰባት ዲግሪ ላይ ነው፤ ሠላሳ ሰባት ላይ ይባዛል እንጂ አይነክስም» ብላ ነበር አስትሪድ ለሳይንስ ውድድሩ የተነሣችው። ባክቴሪያውን የቀባቻቸውን ድንቾች በሁለት ሣጥን ከፍላ፣ አንዱን ሣጥን በሃያ ሰባት፣ ሌላውን በሠላሳ ሰባት አሞቀች። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ እንደሚደረገው ለድንች ለቀማ ተዘግቶ ስለነበር፣ እሷ ማሳ ስትውል ሣጥኖቹን የመጠበቁ ተራ የሉሲየን ሆነ።

እሱም አንድ ቀን የራሱን ለቀማ ጨርሶ ከማሳ እንደመጣ፣ የራሰ ጓንቱን እንዲደርቅለት ለበሩ ቅርብ በሆነው ሃያ ሰባቱ ሣጥን ውስጥ ወረወረና ሙቀቱን ወደ ሠላሳ ሰባት አዞረው። «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ ነው። ያስታወሰው በሦስተኛው ቀን፣ ዛሬ ጠዋት ነው። ሹልክ ብሎ ገብቶ ጓንቱን አወጣ፤ ሙቀቱንም መለሰ።

አስትሪድ ወፍራም እስክሪብቶ አንሥታ ፖስተሩ ላይ «ግምቴ ስህተት ነበር» ብላ ጻፈች።

መምህራቸው ሚስተር ፔሌቲየር አጮልቀው አዩና «ጎበዝ! እንዲህ ብሎ መጻፍ ወኔ ይጠይቃል» ብለው አለፉ።

ሉሲየን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ጓንቱን ጨበጠ።

«አንተ ቀጣፊ፣ ምላስህን ምን ዋጠው?» አለች አስትሪድ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «አንዲት ቀልድ እንኳ የለችህም?»

ዝም ቢል ማን ያውቃል? ቢናገርስ፣ የእሱን አፍ ማን ያምናል? ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። ለውድድሩ አምስት ቀን ቀርቷል፤ ሙከራው ቢደገም፣ ድንቹ ለመበስበስ ሦስቱ ይበቃዋል።

«መጀመሪያ ስሚኝ፣ ከዚያ በጥፊ ትመቺኛለሽ» አለ።

ከኪሱ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ የጠነከረውን ጓንት አወጣና፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀው «ስህተት» የሚለው ቃል ላይ አስቀመጠው።