የኋላው በር

ፌንጣ የአንድን ታሪክ ግማሽ ከሰማች ሌላው ግማሽ አያስፈልጋትም። «መጨረሻው ላይ ከተራኪው ቀድሜ ነው የምደርሰው» ትላለች። በኢንተርኔት ቤቱ ይህን የሚከራከራት የለም፤ ለመከራከር ጭንቅላት ያስፈልጋላ።

ያን ቀን ጠዋት የተጠራችው ለሬሳ ነው። ገና ስትገባ የቤቱ ባለቤት እትዬ «በሩን!» አሏት፤ ንፋሱ አቧራውን ኪቦርዶቹ ላይ እየበተነው ነበር። በክርኗ ገፋ አድርጋው፣ ሳይገጥም ትታው ወደ ስክሪኑ ሄደች።

ሟቹ ሽማግሌው ነው። ቤቱ ሁሉ በሚጫወተው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ሌላው ሁሉ ጭራቅ እያሳደደ ሌቭሉን ሲቆጥር፣ ሽማግሌው በተራራው አዳራሽ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ተረት ያወራል። ውጭ በረዶ ይወርዳል፤ የእሳቱ ጥላ ግድግዳው ላይ ይጨፍራል፤ ከየአገሩ የመጡ ተዋጊዎች ሰይፋቸውን አስቀምጠው ያዳምጡታል። የሚያጫውቱት ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ሌላ መሄጃ የላቸውም። በጨዋታው ደግሞ የሞተ አይመለስም።

ጋሼ እጃቸውን አጣጥፈው ጥግ ተቀምጠዋል። «ማን እንደገደለኝ ካላወቅሁ አዲስ ሽማግሌ አልፈጥርም፤ እዚህ ቤትም አልመጣም» አሉ።

ፌንጣ ሬሳውን አየች። ቁስል የለውም፤ ጽዋውም አልተነካም። አመዱ ላይ ግን በረዶ ተከምሯል፤ በረዶው ደግሞ ወለል ብሎ ከተከፈተው የኋላ በር ጀምሮ ወለሉን ሸፍኖታል። ስለዚህ የገደለው ብርድ ነው። ጋሼ ትናንት ማታ ተረቱን ጨርሰው እንግዶቹን በፊት ለፊቱ በር ሸኝተው፣ ያንን ቀርቅረው፣ ሽማግሌውን እንደ ወትሮው እሳት ዳር ትተውት ነበር የሄዱት። የኋላውን በር ቁልፍ የያዙት በጨዋታው ከጋሼ ጋር የተቧደኑት ብቻ ናቸው፦ እትዬ፣ ልብስ ሰፊው፣ የፌንጣ ወንድምና ራሷ ፌንጣ። ራሷን ወዲያው ነፃ አወጣች፤ መርማሪ ነቻ።

እስከ መጨረሻው ያዳመጠ ከሕዝቡ ጋር በፊት ለፊት ወጥቷል። በኋላ በር የሾለከው መሀል ላይ የሰለቸው ነው። ስለዚህ መጨረሻውን አያውቅም።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊውን ያዘችው፤ ጦረኛውን ከማዋጋት ይልቅ ካባ ሲያማርጥለት የሚውል ሰው ነው። ተረቱ እንዴት አለቀ?

«ልጅቷ ዘንዶውን አልገደለችውም» አላት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ዕውር ነበር። ሰማይ ምን እንደሚመስል ስትነግረው እዚያው ዋሻ ቀረች።»

ፌንጣ ሳቋን ዋጠች። አፉን ከፍቶ የሚጫወተው ወንድሟም ያንኑ ደገመላት። እትዬም እንደዚያው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ሁሉንም ጋሼ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«አንዳችሁ መስሎኝ ነበር። ሦስታችሁም ናችሁ» አለች። «ልጅቷ ሰይፏን ከመዘዘች ዘንዶው አለቀለት፤ ይህን ለማወቅ ተጎልቶ መስማት አያስፈልግም። ዘንዶ ሳይሞት የሚያልቅ ተረት የት አለ? ሦስታችሁ አንድ ዓይነት ውሸት የነገራችሁኝ ተማክራችሁ ነው። የተማከራችሁት ደግሞ አብራችሁ ስለሾለካችሁ ነው። ሰው ሞልቶ እሳቱ ሲማገድ ብርዱ አልታወቀም፤ ሁሉም ሲሄድ ግን ክፍት የተዋችሁት በር ጋሼን ጨረሳቸው።»

ወንድሟ ልብስ ሰፊውን አየው። እትዬ ጋሼን አዩ።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው፣ «ሰይፏን ከመዘዘች በኋላ ምን አልኩ?»

«ያው... ገደለችው።»

«ሰይፏን ጥላ አጠገቡ ተቀመጠች ነው ያልኩት። እነሱ የነገሩሽ ትክክል ነው።»

ሳይገጥም በቀረው በር የገባው ንፋስ የስክሪን መሸፈኛውን ጨርቅ ገፎ ወለሉ ላይ ጣለው። ማንም አላነሳውም። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳቡና ለአዲሱ ሽማግሌ ጢም መምረጥ ጀመሩ።

እትዬ እጃቸውን ዘረጉላት።

«የኋላውን ቁልፍ ወዲህ በይ» አሉ። «ያንንም በር ዝጊው፤ ሁለተኛ ሰው ሳትገድይብን።»