የሳሙናው ዘፈን

እናትና ልጅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖሩ ነበር። እናትየዋ ግማሽ አካሏ ከድቷት አልጋ ላይ ቀርታለች፤ ልጅቷ ዶሮ በሚታረድበት ድርጅት ላባ እየነጨች ታስታምማታለች። ድህነቱስ ይለመዳል፤ ልጅቷን የበላት ሌላ ነው። የሥራ ቦታዋ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ የሚለፍፈው የሳሙና ማስታወቂያ ዘፈን ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ! በመጣ ቁጥር የፈላ ውሃ የነካው ላባ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ አፏ ውስጥ እንደ ረጋ ጮማ ይለጠፋል። ካልተፋችው እናቷ የምትሞት ይመስላታል... ከንቱ ሐሳብ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ትተፋለች። ተፍታውም አይለቃትም፤ «አረፋ በአረፋ» እያለ እንደገና ከአናቱ ይጀምራል።

የከፋው ደግሞ ማንኪያ ስታነሳ ነው። ለእናቷ ሾርባ ልትሰጥ ጎንበስ ስትል ዘፈኑ ይነሳል፤ ፊቷ ይኮማተራል፤ ዞር ብላ ጨርቅ ላይ እንትፍ ትላለች። ታዲያ አልጋ ላይ ያለች እናት ይህን ምን ብላ ትተርጉመው? ገላዬ ሸቷት፣ ቁስሌ አንገሽግሿት ነው እንጂ! አንድ ቀን «ጠግቤያለሁ» ብላ ከንፈሯን ገጠመች። በማግስቱም ጠገበች። አጥንቷ እስኪቆጠር ድረስ ጠገበች። ልጅቷስ የሳሙና ዘፈን አሠቃየኝ ብትል ማን አይስቅባትም?

ልብስ ሰፊው ወንድሟ ሊጠይቅ መጥቶ የእናቱን ክሳት ሲያይ ክው አለ። እህቱ ማንኪያውን አንስታ እንትፍ ስትል ደግሞ ዐይኑ ደም ለበሰ።

«አንቺ! የወለደችሽን ትጸየፊያለሽ? እሷ ቆሻሻሽን ስታጥብ ተፍታብሽ ታውቃለች?»

«እሷን አይደለም! ዘፈኑን ነው!» ብላ ጮኸች፤ እያለቀሰች ሁሉንም ዘረገፈችው።

እናትየዋ ዐይኗን ገለጠች። «እስቲ ዝፈኚልኝ...»

«እማዬ፣ ያስመልሰኛል!»

«ለእኔ ስትዪ።»

እያቅለሸለሻት፣ እንባና ንፍጧ እየተቀላቀለ፣ ያንን የረከሰ ዜማ እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። እናት አዳምጣ ስታበቃ፣ ያለቻትን አቅም አሰባስባ አንገቷን ቀና አደረገችና «እንትፍ!» አለች። ምራቋ ከአገጯ አላለፈም።

«ምን ያለው ቀፋፊ ነው! ልጄን የሚበላት ይኼ ነው? እኔ እኮ... ሸተትኳት ብዬ...»

አፏን ከፈተች። ልጅቷ ሾርባውን ሰጠቻት። ምን ያደርጋል! ሰውነቷ ምግብ መቀበል ትቶ ነበር፤ ሾርባው በአፏ ጥግ ተመልሶ ወረደ። በዚያው ሳምንት አረፈች።

ዘፈኑስ? የት ይሄዳል! እናቷ አፈር ስትለብስም «አረፋ በአረፋ» ይል ነበር። አይ ዕጣ! ሰውን በስንት ነገር መጣል ሲችል፣ ለዚህች ቤት የሳሙና ዘፈን መረጠላት። ልጅቷ መቃብሩ አጠገብ ቆማ እንትፍ ስትል ቀባሪው ሁሉ በጥላቻ ዞሮ አያት። ወንድሟ ትከሻዋን አቀፈና፣ ሁሉም እያየው፣ እሱም እንትፍ አለ።