ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር በሾፌር ጫማ

«ረዳቴ፣ ቀጣዩ ፌርማታ የት ነው?» አለ አባቷ፣ ከመንገዱ ዳር ያገኘው ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ።

«አባዬ! ከተነሳን እኮ ሃያ ደቂቃ አልሞላንም» አለች ልጅቷ።

«ሞተር ሲግል ማቆም ደንብ ነው።»

አባቷ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው። ሃያ ዓመት መሪ ጨብጦ ስለኖረ ለእሱ ዓለም የምትታየው በፌርማታ ተከፋፍላ ነው። ልጅቷ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ከወንበሩ ኋላ ቆማ «ሂድ!» እያለች ታዘው ስለነበር ረዳቴ አላት። አሁን አሥራ አራት ሞልቷት፣ ቁመቷ ጆሮው ጋ ደርሶም ስሙ አልለቀቃትም።

የሚጓዙበት የእግር መንገድ ትንሿን ከተማ ዙሪያዋን ይዞራታል። በጥዱ ጫካ፣ በወንዙ ዳር፣ በኮረብቶቹ ወገብ እያለ ተመልሶ ከተነሳበት ይገጥማል፤ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ደግነቱም ክፋቱም አንድ ነገር ነው፤ የትም ብትደርስ ከተማዋ ከታች ትታይሃለች፣ የቤትህ ጣሪያ ሳይቀር። ለሰነፍ ሰው መውረጃ ሞልቷል።

ልጅቷ ግን ዛሬ መውረጃ አትፈልግም። የትምህርት ቤቷ የተራራ ክበብ በእረፍቱ ለአንድ ሳምንት የድንኳን ጉዞ የሚወስደው ስምንት ልጆችን ብቻ ነው። ሰባቱ ሞልተዋል፤ የልብ ጓደኛዋም ከነሱ አንዷ ናት። ስምንተኛዋ ለመሆን ዙሩን በአንድ ቀን መጨረስ፣ አብሮ የተጓዘ ወላጅም የፈረመበትን ቅጽ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለባት። እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ናት። ስለዚህ አባቷ በሳምንት አንዴ የሚያገኛትን የእረፍት ቀን ሰጣት።

«ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር? አርባ ደቂቃ አይፈጅም!» ብሎ ነበር ትናንት። በእግሩ ርቆ ሄዶ የማያውቅ ሾፌር ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስሕተቱ ግን የባሰ ነበር፤ የሥራ ጫማውን አድርጎ መጣ። ሾፌር ፔዳሉ እንዲሰማው ሶሉ የሳሳ ጫማ ይወዳል። የአባቷ ደግሞ ከመሳሳትም አልፎ ቀኙ ወረቀት ሆኗል። እናቷ ሌላ እንዲያደርግ ብትለምነው «እግሬ የለመደው ይሄንን ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ጫማውን ለምዷል። ያልለመደው አቀበቱን ነው።

ጠዋት ላይ ጨዋታውን ማን ችሎት! «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ወደ ኋላ ሲቀር፣ «ዕንቁላሉ ገና አልተፈለፈለም እንዴ?» እያለች ትስቅበት ነበር። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ግን ጨዋታው ቀነሰ፤ ቀስ በቀስም ጨርሶ ጠፋ። አባቷ ዝም ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

እኩለ ቀን ላይ፣ ግማሹን መንገድ እንደጨረሱ፣ ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ጠጠር ላራግፍ» ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ አየችው። ካልሲው ተረከዙ ላይ በደም ርሷል።

«አባዬ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆዳ ነው። ይተካል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከወንዙ» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከወንዙ ወዲህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከፊት ከፊት እየሮጠች «ቶሎ በል እንጂ፣ ሼም ነው!» ስትለው ነበር። እሱ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ ይከተላታል።

በዚህ መሃል የሰፈራቸው ፀጉር ሠሪ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከኋላ ደረሰች። እነሱም ያንኑ ዙር ይዘዋል። አባቷ ሲያያት ፊቱ በራ።

«እህቴ፣ ረዳቴን አደራ! እኔ በዚች በኩል ልውረድና በአውቶብስ ቀድሜያችሁ ከተነሳንበት ልጠብቅ።»

«ምን አደራ ያስፈልገዋል፣ ልጄ አይደለች እንዴ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ልጅቷ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «ቅጹስ? አብሬያት ዙሩን ጨርሻለሁ ነው የሚለው።»

«እፈርማለሁ። ግማሽ መንገድም መንገድ ነው» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። «ሂጂ፣ ሰው አታስጠብቂ!»

ሄደች። አባቷ ግማሹን ብቻ መሄዱን ማን ያውቃል? አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የቀራት። ድንኳኑን፣ ከጓደኛዋ ጋር ሌሊቱን ሙሉ የሚያወሩትን ወሬ እያሰበች እርምጃዋን አፈጠነች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ግን ልቧ እምቢ አላትና ዞር አለች።

አባቷ ቁልቁለቱን ጀምሯል። ማንም የሚያየው አልመሰለውም። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በካልሲው ሦስት እርምጃ ይሄድና ሣር ጨብጦ ይቀመጣል። እንደገና ይነሳል፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቀመጣል። ልጅቷ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። እንባዋ መጣ።

«ምነው ቀረሽ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«እናንተ ቀጥሉ። እኔ… እመለሳለሁ።»

እየሮጠች ስትደርስ አባቷ ደነገጠ፤ ቀጥሎም ተቆጣ። «ለምንድን ነው የተመለስሽው? ይሄን ሁሉ ለፍተሽ!»

«ውሃው አንተ ጋ የቀረ መስሎኝ ነው።»

የውሃው ጠርሙስ ከቦርሳዋ ኪስ አንገቱን አውጥቶ ይታያል። አባቷ ጠርሙሱን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ከተማው አዞረ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «ያለ ውሃማ አይሆንም።»

ልጅቷ ተንበርክካ ካልሲውን ቀስ ብላ አወለቀች፣ ቁስሉን በውሃ አጥባም በአንገት ልብሷ ጠመጠመችለት። እሱ ጭንቅላቷን ከላይ ያያል።

«ቅጹ ነገ አይደል?» አለ በመጨረሻ።

«ነገ ነው። ግማሹን ብቻ ነው የሄድነው ብዬ ለክበቡ መምህር ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«ሌላ ልጅ ይወስዳሉ እኮ።»

«ይውሰዱ» አለች፣ የጠርሙሱን ክዳን አጥብቃ እየዘጋች። «ና፣ ትከሻዬን ያዝ።»

አባቷ አመነታ። ከዚያ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ መጀመሪያ እንደ ነገሩ፣ ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ግን ሙሉ ክብደቱን።

«ከበድኩሽ?»

ከብዷታል።

«ኧረ ምንም!» አለችና እርምጃዋን አሳጠረች። «ይልቅ ቀስ ብለህ ርገጥ፣ እዚህ ጋ ያዳልጣል።»